ጠርዝና ትዳር

በናይሮቢ ፓርክላንድስ፣ በጋሼ ካሣሁን የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ የፎቶ ኮፒ ወረቀትና የሰፈር ወሬ ጠፍቶ አያውቅም። ግልጽ ፕላስተር ግን ሰሞኑን መጥፋት ጀምሯል። የሚያጠፋውም አንድ ሰው ነው።

ልጁ በየሳምንቱ ይመጣል። ረጅም ነው፤ መነጽር ያደርጋል፤ የሸሚዙን አንድ ጎን ሱሪው ውስጥ ከትቶ ሌላውን ይረሳዋል። ከመደርደሪያው ላይ ፕላስተሩን አንስቶ በአውራ ጣቱ ማጣበቁን ይሞክርና አንድ ክምር ገዝቶ ይወጣል። ስጦታ ይጠቀልልበታል እንዳይባል፣ ያን ያህል ልደት በአንድ ከተማ አይኖርም። የተቀደደ መጽሐፍ ይጠግናል እንዳይባል፣ እስካሁን የኬንያ መጻሕፍት በሙሉ ተጠግነው ባለቁ ነበር።

ከባንኮኒው ጀርባ የምትቆመው የጋሼ ካሣሁን የወንድም ልጅ ማዕረግ፣ ነገሩ ካልገባት እንቅልፍ የማይወስዳት ሰው ናት። ደሴ ስትማር አስተማሪዎቿ «ጥያቄ ያለው?» ሲሉ ዓይናቸውን ከእሷ ያሸሹ ነበር። ናይሮቢ አጎቷን ልታግዝ ከመጣች ወዲህም አመሏ አልለቀቃትም። በፈረንጆቹ 2008 መገባደጃ ላይ፣ አንድ ቀን ከሰዓት፣ ልጁ እንደ ልማዱ በስዋሂሊ ዋጋውን ሲጠይቃት በአማርኛ መለሰችለት።

«መጀመሪያ ይሄን ሁሉ ፕላስተር ምን እንደምታደርግበት ንገረኝ።»

ልጁ ደነገጠ። «ኩምቤ! ለካ አበሻ ነሽ?»

«ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የአማርኛ ካላንደር አላየኸውም?»

«እኔ... ሴሎቴፑን ነበር የማየው።»

«እሺ፣ ሴሎቴፕ ይሁንልህ። ምን ታደርግበታለህ?»

«እልጥበታለሁ።»

«ምን?»

«እርሳስ።»

ማዕረግ ሳቀች። እሱ ግን የምሩን ነበር። ከባንኮኒው ላይ እርሳስ አነሳና ቁራጭ ወረቀት ላይ እስኪጠቁር ድረስ ፈገፈገ። ፕላስተር ለጥፎ አነሳው፤ ጥቁሩ ከፕላስተሩ ጋር መጣ። ፕላስተሩን አጥፎ እንደገና ከፈተው፤ ደግሞ አጥፎ ከፈተው። ጥቁሩ በእያንዳንዱ ጊዜ እየሳሳ ሄደ።

«እርሳሱ ውስጥ ያለው ግራፋይት ነው» አለ። ከኋላዋ ወደተደረደረው የፎቶ ኮፒ ወረቀት በጣቱ አመለከተ። «ልክ እንደዚያ ጥቅል ነው፤ ሉህ በሉህ። እኔ የምፈልገው አንዱን ሉህ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የማይላጠውን። ግራፊን ይባላል።»

«ስታገኘውስ?»

«ኤጁን አጠናለሁ። ኤጅ... ያኒ፣ ማለቴ፣ ወረቀቱ የሚያልቅበት። በአማርኛ ምንድን ነው?»

«ጠርዝ።»

«ተርዝ።»

«ተርዝ አይደለም፣ ጠርዝ!»

«እሱን እኮ ነው ያልኩት። ተርዝ።»

ማዕረግ ከደረሰኝ ማሽኑ ላይ ስስ ወረቀት ቆርጣ አፉ ፊት ያዘችለት። «ተርዝ» ሲል ወረቀቱ ተርገበገበ። ወደ ራሷ አፍ አዞረችውና «ጠርዝ» አለች። ወረቀቱ ንቅንቅ አላለም።

«አየህ? ጠ ላይ ትንፋሽህን ትይዘዋለህ። ተ ላይ ያመልጥሃል።»

ልጁ ዓይኑ በራ። «ይሄ እኮ ኤክስፐሪመንት ነው!» ብሎ ወረቀቱን ተቀበላትና ደጋገመ፤ ወረቀቱ በምራቅ እስኪርስ ድረስ ጠ አልመጣችለትም። በመጨረሻ ተሸንፎ «ሌላ ቃል የለም? ቀለል ያለ?» አላት።

«ዳር በለው እንግዲህ።»

«ዳር። ዳር። ይሄ ሳዋ ነው፤ ይመቻል።»

ማዕረግ ያን ዕለት ትንሽ ታግሣ ጠን ብታስተምረው ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። ግን ደንበኛ ገባና ነገሩ እዚያው ላይ ቀረ።

ስሙ ኤልናታን ነው። ወላጆቹ በልጅነቱ ይዘውት መጥተው ሳውዝ ሲ የሚባል ሰፈር ውስጥ አሳደጉት፤ አባቱ አቶ ዓለሙ በአንድ የጴንጤ ቸርች ሽማግሌ ሆነው ያገለግላሉ። እሱ በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ቺሮሞ ካምፓስ ፊዚክስ ለማስተርስ ይማራል። ከዚያን ቀን ወዲህ ፕላስተር በክምር መግዛቱን ተወ። በየቀኑ እየመጣ አንድ፣ አንድ ብቻ ይገዛ ጀመር። ማዕረግ ይህን አስተዋለች፤ ምክንያቱን ግን አልጠየቀችም። አንዳንድ ጥያቄ መልሱ እንዳይበላሽ ተብሎ ይቆያል።

እሱ ፊዚክስ ያስተምራታል፤ እሷ አማርኛውን ታቃናለታለች። ደንበኛ ሲጠፋ ባንኮኒው ላይ እንደ ንብ ቀፎ ባለ ስድስት ማዕዘን ቤቶችን እየሳለ፣ እያንዳንዱ ማዕዘን ላይ አንዲት የካርቦን አቶም ያስቀምጣል።

«መሃል ላይ ያሉት ችግር የለባቸውም» አላት አንድ ቀን። «ጎረቤት አላቸው። ሁሉም ጥንዱን አግኝቷል። ዳር ላይ ያለችው ግን ጎረቤቷ ተቆርጧል። አንድ ኤሌክትሮኗ ያለ ጥንድ ይቀራል። አጠገቧ ያለችውም እንደዚያው። ከዚያ እነዚህ ጥንድ የሌላቸው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይዞራሉ። ዳሩ ማግኔት ይሆናል።»

«ከብቸኝነት የተነሳ?»

ኤልናታን እርሳሱን አስቀመጠ። «እንደዚያ ብሎ የጻፈው ሰው የለም። ላኪኒ... ግን አዎ።»

«ዙሪያውን በሙሉ?»

«አይ። እንዲህ ከቆረጥሽው ዳሩ ዚግዛግ ይሆናል፤ እሱ ማግኔት አለው። እንዲህ ከቆረጥሽው ደግሞ እንደ ወንበር ድርድር ይመስላል። ወንበሩ ላይ ምንም የለም።»

«ለምን?»

«ወንበሩ ላይ ሁሉም ጥንድ ጥንዱን ይዞ ተቀምጧላ።»

ማዕረግ የተሳለውን ለረጅም ጊዜ አየችው። «ማግኔቱን ያየ ሰው አለ?»

«በዓይኑ? ገና። ሂሳቡ አለ ይላል። ዳሩ ንጹሕ ካልሆነ፣ ከውጭ ትንሽ ነገር ከተለጠፈበት ይጠፋል። ሰው ሁሉ እየፈለገው ነው።»

«አንተስ ታምናለህ?»

«አምናለሁ» አላት፤ እያያት። ቀድማ ዓይኗን የሰበረችው እሷ ነበረች።

አንድ ቅዳሜ ቺሮሞ ወስዶ ማይክሮስኮፕ አሳያት። የሚያስተምሩት ፕሮፌሰር ከውጭ አገር ባመጡት አብረቅራቂ የሲሊኮን ቁራጭ ላይ ከፕላስተሩ የቀረው ብናኝ ተበትኗል፤ ቢጫው፣ ሰማያዊው፣ ሐምራዊው። «ከሁሉ የደበዘዘችውን ፈልጊ» አላት በጆሮዋ። ፈለገች። ያለችም የሌለችም የምትመስል፣ እንደ ጭጋግ የሳሳች አንዲት ቁራጭ አገኘች።

«እሷ ናት?»

«እሷ ናት። ከዚህ በላይ የሚሳሳ ነገር የለም።»

ማዕረግ በትንፋሿ የምታጠፋት ይመስል አፏን ያዘች። ደሴ ላይ «ጥያቄ አታብዢ» የተባለችበት ዘመን ሁሉ ትዝ አላት። ይህ ልጅ አንድ ጊዜ እንኳ እንዲያ አላላትም፤ ይልቅ የማያውቀውን ስትጠይቀው ደስ ይለዋል። ቀና ስትል ፊቱ አጠገቧ ነበር። ያን ጊዜ እንደወደደችው አወቀች። እሱ ግን ስለ ፍቅር ዳር ዳር እንኳ ሳይል በማታቱ፣ በሚኒባስ ታክሲ፣ መለሳት።

ቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ ነገር እየበሰለ ነበር። የአጎቷ ሚስት እትዬ ጌጤ ባል አግኝተውላታል። መኳንንት ይባላል፤ ጁባ ውስጥ ሆቴል ከፍቷል። ክፉ ሰው አይደለም። ባለፈው ፋሲካ ናይሮቢ መጥቶ ነበርና ማዕረግ ስለ ጁባ፣ ስለ ነጭ አባይ፣ ስለ ሰዉ ስትጠይቀው «ስትመጪ ታይዋለሽ» ብሎ ስልኩን መነካካት ጀመረ። ለገና ሊመለስ ነው። እሷም እስከዚያ መልስ እንድትሰጥ ተነግሯታል። እሺ ካለች ሄዳ የሆቴል ባንኮኒ ጀርባ ትቆማለች፤ «ስትመጪ ታይዋለሽ» ከሚል ሰው ጋርም ትኖራለች።

በዚህ መሃል ነው ነገሩ የተበላሸው። ማዕረግ ዕቃ ልታመጣ መሃል ከተማ ወርዳ ሳለ ኤልናታን ሱቁ መጣና ከጋሼ ካሣሁን ጋር ተገናኘ። እሷ የሰማችው ለእራት ሲቀመጡ ነው።

«ያ ባለ መነጽር ልጅ ዛሬ አነጋገረኝ» አሉ ጋሼ ካሣሁን እጃቸውን እያደራረቁ። «ከልጄ ጋር ምን ስታወሩ ነው የምትውሉት? ብዬ ጠየቅሁት። ‹ስለ ዳር ነው› አለኝ። ስለ ትዳር ማለትህ ነው? አልኩት። ዓይኔን እያየ ‹አዎ፣ ስለ ትዳር› አለኝ!»

ማዕረግ ደሟ ወደ ፊቷ ወጣ። ደስታው በድንገት ከመምጣቱ የተነሳ የምትይዘው የምትጨብጠው አጣች።

«አንተ እያለ ነው የሚያናግረኝ» ቀጠሉ ጋሼ። «የኬንያ ልጅ ነው፣ ይቅር ብዬዋለሁ። ጥበቡን ግን ብትሰሚ! ‹መሃሉ ጸጥ ያለ ነው፣ ነገሩ ሁሉ ያለው ትዳሩ ላይ ነው› አለኝ። ‹ትዳር ዚግዛግ ሲሆን ነው የሚሳሳበው፤ ወንበር ከሆነ ሁሉም ተቀምጦ ይቀራል፤ ማግኔት የለውም› አለኝ። እኔ ሠላሳ ዓመት በትዳር ኖሬ ይሄን ማን ነገረኝ?»

የማዕረግ እጅ ሳህኑ ላይ ቀረ። ዚግዛግ። ወንበር። ገባት። በኬንያ ያደጉ ልጆች አማርኛቸው ሲታረም «አዎ» ማለት ለምደዋል፤ ኤልናታንም ትዳር ማለት የዳር የጨዋ አነጋገር መስሎት ተቀብሎ ቀጥሏል።

«ጴንጤ እኮ ነው!» አሉ እትዬ ጌጤ።

«እሱንም አልሸሸገኝም። ‹ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች ይዞራል፤ ወረቀቱ ግን አንድ ነው› አለኝ። አንቺ ይሄን የሚያህል ስብከት ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ሽማግሌስ አለህ? ስለው ‹ፕሮፌሰሬ ሽማግሌ ነው› አለኝ። በቃ፣ ለመኳንንት ደውዬ ሌላ ፈላጊ መጥቷል ብዬዋለሁ።»

ማዕረግ እውነቱን ለመናገር አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ምናልባትስ? ምናልባት በፊዚክሱ አሳብቦ ዳር ዳር ማለቱ ቢሆንስ? ሰው ተስፋ ሲያደርግ ለራሱ ጠበቃ አያጣም። በማግስቱ ቺሮሞ ሄደች።

«አጎቴን ምን አልከው?» አለችው ገና ሳትቀመጥ።

«ስለ ትዳር ነገርኩት» አለ ኤልናታን ደስ ብሎት። «በደንብ ነው የሰማኝ! አማርኛዬንም አረመልኝ። ዳር አይባልም ለካ፣ ትዳር ነው።»

«ኤልናታን፣ ትዳር ማለት ጋብቻ ነው። ባልና ሚስት መሆን። አጎቴ የጠየቅከኝ መስሎታል።»

መነጽሩን አወለቀ። ማታቱ ሊገጨው ለጥቂት የተረፈ ሰው ይመስል ነበር።

«ኖ! ኖ፣ ኖ፣ ኖ! እኔ ኤጅ ነው ያልኩት! ኤጅ ብቻ!»

አራቱ «ኖ» እንደ ጥፊ ነበሩ። «ገባኝ» አለችው።

«ማዕረግ፣ ቆይ—»

«ገባኝ አልኩህ እኮ።»

በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ መጠየቅ የነበረባትን ጥያቄ ሳትጠይቅ ወጣች። እያለቀሰች እስከ ፓርክላንድስ በእግሯ ሄደች።

ለአጎቷ እውነቱን ነገረቻቸው። ጋሼ ካሣሁን ራሳቸውን ያዙ። «ወይኔ ሰውዬው! እኔ እኮ ዛሬ ምሳ የበላሁበት ቤት ላለው አበሻ ሁሉ አስተምሬበታለሁ! ጎረቤታችን ክብረትንና ሚስቱንም ‹ወንበር ሆናችሁ ነው፣ ዚግዛግ ሁኑ› ብዬ አስታርቄያቸዋለሁ!»

«ታረቁ?» አለች ማዕረግ በእንባዋ መሃል።

«ታርቀዋል! የባሰው እሱ አይደል?»

«አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» አሉ እትዬ ጌጤ። «መኳንንት ጨዋ ነው፣ ቢነግሩት ይረዳል። ዛሬውኑ ይደወልለት።»

«እስከ እሑድ ስጡኝ» አለች ማዕረግ። ጋሼ ካሣሁን ፊቷን አይተው ስልኩን ኪሳቸው ውስጥ መለሱት።

ከዚያ በኋላ ፕላስተር የሚገዛ ጠፋ። ማዕረግ ደንበኛ ሲቀንስላት እርሳስ ወረቀት ላይ እየፈገፈገች ትልጣለች። ታጥፋለች፣ ትከፍታለች። ያለቀ መስሎ እየሳሳ ይሄዳል፤ ጨርሶ ግን አይጠፋም። የሷም ነገር እንደዚያ ሆነባት። ተናደደች፣ ንዴቱ ተላጠ። አፈረች፣ እፍረቱም ተላጠ። ከሥሩ የቀረው አንድ ጥያቄ ነበር። ኤልናታን «ኖ» ያለው ቃሉን ነው ወይስ እሷን? ይህን ሳታውቅ ጁባ ብትሄድ ዕድሜዋን ሙሉ እንቅልፍ እንደማይወስዳት አወቀች። ዓርብ ከሰዓት ጃኬቷን ለበሰች።

«ወዴት ነው?» አሉ አጎቷ ከመደርደሪያው ጀርባ።

«ጥያቄ ልጠይቅ።»

በሩ ላይ ስትደርስ ኤልናታን ሊገባ ነበር። ሸሚዙ ዛሬ በሁለቱም ጎን ሱሪው ውስጥ ገብቷል። ከንፈሩ ግን ተሰነጣጥቋል፤ በእጁም የደረሰኝ ወረቀት ይዟል።

«መጀመሪያ እኔ» አለችው። «ኖ ያልከው ቃሉን ነው ወይስ እኔን?»

«ቃሉን አላውቀውም ነበር» አለ ኤልናታን። «በማላውቀው ቃል ሕይወቴን እንደሰጠሁ ስትነግሪኝ... ፈራሁ። ፖሌ፣ ይቅርታ። ቤት ሄጄ እናቴን ትዳር ምንድን ነው አልኳት። አሳቢ ነች፤ ቆየችና ‹እኔና አባትህ ነን› አለችኝ። እሱ ከሆነማ እፈልገዋለሁ። ካንቺ ጋር። አንድ አንድ ሴሎቴፕ የምገዛው ለምን ይመስልሻል?»

ማዕረግ መልሱን ታውቃለች፤ ልትናገር ስትል ቀደማት።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። ልዩነቱን እንደማውቅ ማየት አለብሽ።» ወረቀቱን አፉ ፊት ያዘ፤ ትንፋሹን ሰበሰበ። «ጠርዝ።»

ጥርት ያለች ጠ ነበረች። ወረቀቱ ንቅንቅ አላለም።

«ይሄ የጥናቴ ነው። አሁን ሌላውን ስሚ።» ወረቀቱን ላላ አድርጎ ያዘ። «ትዳር።»

ወረቀቱ ከጣቶቹ አመለጠና በርሮ ማዕረግ እግር ሥር ወደቀ።

«ይሄ ደግሞ ያንቺ ነው» አላት። «ከፈለግሽው።»

ማዕረግ ጎንበስ ብላ አነሳችው። እሷም ከንፈሯ ፊት ያዘችውና «እሺ» አለች። ወረቀቱ ተርገበገበ። ከመደርደሪያው ጀርባ ጋሼ ካሣሁን ጉንፋን ሳይዛቸው አሳላቸው።

ያኑ ቀን ለመኳንንት ራሳቸው ደውለው ይቅርታ ጠየቁት፤ እሱም «እግዜር ያውቃል» ብሎ በደህና ተሰናበታቸው። እትዬ ጌጤ ሁለት ቀን አኮረፉ። በሦስተኛው፣ ሽማግሌዎቹ የሚመጡበት እሑድ ነበርና፣ የተበላሸ ወጥ ስም ያጠፋል ብለው ሽንኩርት መክተፍ ጀመሩ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። አቶ ዓለሙ፣ አንድ የቸርቻቸው ሰው፣ እንዲሁም ከረባት ያሰሩት ኬንያዊው ፕሮፌሰር ምዋንጊ። ኤልናታን ለጋሼ ካሣሁን ቃል ገብቷልና ፕሮፌሰሩ መቅረት አልቻሉም። ወጉን ግን የነገራቸው ስላልነበረ ገብተው ባለ መደገፊያው ወንበር ላይ ዘፍ አሉ። አቶ ዓለሙ በክንዳቸው ይዘው አስነሷቸው።

«ምነው፣ ተቀመጡ እንጂ» አሉ ጋሼ ካሣሁን።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ አቶ ዓለሙ።

«ምን ጉዳይ ይሆን?»

ፕሮፌሰሩ ሲለማመዱት የሰነበቱትን በኩራት ተናገሩ። «ስለ ትዳር ነው።»

ማዕረግ ጓዳ ውስጥ በሩ ላይ ጆሮዋን ለጥፋ ቆማለች። በዚህ ሰዓት ሙሽራ ድምፅዋ አይሰማም፤ ወጉ እንደዚያ ነው። እትዬ ጌጤም ለዚሁ ክንዷን ይዘዋታል።

ጋሼ ካሣሁን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አንድ ነገር ሳላጣራ ልጄን አልሰጥም። ይሄ ትዳር የምትሉት ወንበሩ ነው ወይስ ዚግዛጉ?»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ዚግዛጉ!» አለች ማዕረግ ከጓዳ።

እትዬ ጌጤ አፏን ሊይዙ ፈልገው ዘገዩ። ሳቁ ከሳሎን ሲፈነዳ ግን እሳቸውም አልቻሉም፤ ክንዷን ለቀቁና በሩን ከፈቱላት።